ወስፌም አላት!

ሁለት ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ጥያት ኖርኩ። ሁለት ዓመት! ከአሮጌ ቻርጀርና ከተረፈ ቁልፍ ጋር፣ ካርቶኗ እንኳን ሳይከፈት። ዙሪክ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ ይዞልኝ የመጣ ስጦታ ናት፤ ቀይ፣ ጎኗ ላይ ነጭ መስቀል ያለባት የኪስ ሰንጢ። አመስግኜ ተቀበልኩት፤ በልቤ ግን «ምን ታደርግልኛለች?» አልኩ። ሽንኩርት የሚከተፈው በቢላዋ ነው፣ ብሎን የሚፈታው በካቻቢቴ ነው፣ ክር የሚቆረጠው በመቀስ ነው፤ ሁሉም ቤት ውስጥ በየቦታው አለ። ያን ጊዜ የማስበው እንዲህ ነበር።

አሁን ከቤት ስወጣ መጀመሪያ ኪሴን የምዳብሰው ለስልኬ አይደለም፤ ለእሷ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ታኅሣሥ፣ ከጊምቢ ወደ ነቀምቴ ስመለስ ነው። የሕዝብ መኪናው አመለጠኝና ቡና የጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ቦታ አገኘሁ። ሰንጢዋ ኪሴ ውስጥ የተገኘችው ለብርቱካን መላጫ ብዬ ከቤት ስወጣ ስለያዝኳት ብቻ ነው። መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል፤ ወደ ዲዴሳ ሸለቆ ሲወረድ ሙቀቱ ፊት ላይ ይመታል፣ ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ደግሞ ዳገቱ ይጀምራል። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሹፌሩ ሞተሩ ትንሽ ይብረድ ብሎ ዳር ያዘ። ጎማ ሊያይ የወረደው ረዳት ወዲያው ጮኸ።

«ፈሰሰ! ኦቦ፣ ቡናው ፈሰሰ!»

ወርደን አየን። ከካሶኒው ጎን ተገንጥሎ የወጣ ብረት አንዱን ጆንያ ከአንድ ስንዝር በላይ ቀዶታል። ቡናው እየተንሿሿ ይወርዳል፤ አስፋልቱ ላይ ይነጥራል፣ ዳገት ነውና ወደ ኋላ ይንከባለላል። ሹፌሩ ወደ 60 ዓመት የሚጠጋ ሰው ነው፤ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ያ ቡና ተመዝኖ ነው የተጫነው፣ ተመዝኖ ነው የሚራገፈው፤ የጎደለው ኪሎ ከማን ኪስ እንደሚወጣ ሦስታችንም እናውቃለን።

ረዳቱ ፌስታል ጠቅጥቆ ሊደፍነው ሞከረ፤ ቡናው ፌስታሉን ገፍቶ ወጣ። ጆንያ የሚሰፋው በወስፌና በሲባጎ ነው። ሲባጎ አላጣንም፤ ሸራው የታሰረበት ነበር። ወስፌ ግን ከየት ይምጣ? ሜዳ ላይ ነን። እኔ ሰንጢዋን ያወጣሁት ሲባጎውን ልቆርጥላቸው ብዬ ነው። ልጁ ከእጄ ተቀበለኝና ገልበጥ አድርጎ ጀርባዋን አየ። በጥፍሩ አንዲት ነገር ጎተተ። ቋ! ብላ ቀጥ አለች፤ አጭር፣ ሹል፣ መሐሏ ላይ ደግሞ ቀዳዳ። ልጁ ቀዳዳዋን ወደ ፀሐይ አቅንቶ አየባት።

«ወስፌም አላት!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳወራ እስከ ዛሬ እጄ አብሮ ይሰፋል። ሲባጎው ለቀዳዳዋ ወፈረ፤ ልጁ ወዲያው ፈትሎ ከሦስቱ ዘሃ አንዱን ለየ፣ በምራቁ አሾለና አስገባው። የተቀደደውን ጆንያ ከንፈር ለከንፈር ገጠመና በግራ እጁ ጨምድዶ ያዘ። ወስፌዋ ክሩን ይዛ በሁለቱም ከንፈር አለፈች፤ ትንሽ ወደ ኋላ ሲመልሳት ክሩ ማዶ ላይ ትንሽ ቀለበት ሠራ። በቀለበቱ ውስጥ የክሩን ሌላኛ ጫፍ አሾልኮ ጎተተ። ጠብ! ተቆለፈ። እንደገና ወጋ፣ መለሰ፣ አሾለከ፣ ጎተተ። እኔ ከሥር ቡናውን በሁለት እጄ እየገፋሁ፣ ሹፌሩ ከአስፋልቱ ላይ እየለቀመ፣ አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የመጨረሻውን ቋጠሮ ሲጨርስ ሌላ ነገር ከጎኗ አወጣ፤ መቀስ! ትርፉን ክር በመቀስ ቀነጠበና መልሶ ሰጠኝ። ሹፌሩ መጥቶ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ገፋው። አልተንቀሳቀሰም። «ወንድሜ፣» አለኝ፣ «ይህን ዕቃ ይዘህ ነው እስካሁን ዝም ያልከው?»

ይዤ ነው እስካሁን ዝም ያልኩት! ያን ማታ ነቀምቴ ገብቼ አልጋዬ ላይ አንድ በአንድ ከፈትኳት። ትልቅ ስለት፣ ትንሽ ስለት፣ መቀስ፣ የእንጨት መጋዝ። ቆርቆሮ መክፈቻ፣ ጫፉ ትንሽ ካቻቢቴ። ጠርሙስ መክፈቻ፣ ጫፉ ትልቅ ካቻቢቴ፣ ሥሩ ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ መላጫ ጥርስ። ከጀርባዋ ወስፌ፣ የቡሽ መንቀያ፣ አንድ ምንነቱ ያልገባኝ ቆልማማ ነገር። ከቀዩ ሽፋን ውስጥ ደግሞ ተስበው የሚወጡ ወረንጦና የጥርስ መፋቂያ። ሀንትስማን የሚባለው ዓይነት ናት፤ ስትታጠፍ 91 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 97 ግራም። ሩብ ኪሎ ስኳር ግማሹን እንኳን አትመዝንም!

ከዚያ ማታ ጀምሮ በነቀምቴም፣ በሻምቡም፣ በነጆም፣ በሄድኩበት ሁሉ ፈትኛታለሁ። የሚገርመው ነገር ሰው ሰንጢ ሲገዛ ስለቱን አይቶ ነው። እኔ ስለቱን እወደዋለሁ፤ በመስቀል ሰሞን ተቀቅሎ የወጣ ትኩስ አንጮቴ ልጣጩን በትንሹ ስለት ስይዘው እንደ ሸማ ነው የሚገፈፈው። ወለጋ ያደገ ሰው አንጮቴ በቂቤ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። ግን ስለት ሁሉም ቤት አለ። ይቺ ሰንጢ ነፍሷ ያለው ማንም በማይቆጥራቸው በትንንሾቹ ውስጥ ነው።

የቡሽ መንቀያውን እዩት። እኛ ጋ ጠጅ በብርሌ ነው፤ የወይን ጠርሙስ ይዞ ጊምቢ ገበያ የሚወጣ የለም። ስለዚህ ትርፍ መስሎኝ ነበር። ሐምሌ ላይ፣ የወለጋ ዝናብ ሰማዩን ሲገለብጠው፣ አንዲት እናት የአህያዋን ጭነት ልታወርድ ቆማለች፤ ገመዱ ርሶ ቋጠሮው ድንጋይ ሆኗል። በጥፍሯም በጥርሷም ሞከረች። ቁረጭው እንዳልላት ገመዱ አዲስ ነው፣ ገንዘብ ነው። ያን ጥምዝምዝ ብረት ቋጠሮው ሆድ ውስጥ አሽከርክሬ አስገባሁና ሳብ አደረግኩ። ቋጠሮው ተነፈሰ! ሁለተኛ ሳብ ስል ተፈታ። «ኢልማ ኮ» አለችኝ፤ ልጄ ማለቷ ነው፤ ምርቃቱ ሰፈር እስክደርስ አላለቀም። ገመዱ ደህና ነው፣ አህያዋ ተራገፈች፣ እኔም እስከ አጥንቴ በስብሼ እየሳቅኩ ሄድኩ።

ያ ቆልማማው ነገርስ? የዕቃ ማንጠልጠያ ነው። ከገበያ አምስት ኪሎ ጤፍና ዘይት በፌስታል ይዞ የመጣ ሰው ጣቱ እንዴት እንደሚሰነጠቅ ያውቃል። ቆልማማው ላይ አንጠልጥላችሁ ቀዩን ሽፋን በመዳፋችሁ ስትይዙ ፌስታሉ ጣት መቁረጡን ያቆማል። የጋለ ማንቆርቆሪያም በጆሮው ይዞ ከእሳት ያወርዳል። ስንት ዓመት ጨርቅ ፍለጋ ስንሮጥ!

መጋዙን ለቡና አብቃዮች ብቻ እነግራለሁ፤ ለጉንደላ አትበቃም፣ ለእሱ ትልቁ መጋዝ አለ። ግን ማሳ ውስጥ ስትዞሩ ያያችሁትን ደረቅና ትርፍ ቅርንጫፍ እዚያው ለመግረዝ ጥርሶቿ ጉድ ናቸው፤ አውራ ጣት የሚያህለውን በጥቂት ምልልስ ትጥለዋለች።

ወረንጦው ግን! ወረንጦውን ስስብ ዓይኔ እንባ አቀረረ ብል አጋነንክ አትበሉኝ። አያቴ ወረንጦውን በቀጭን ጠፍር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ነበር የሚዞረው፤ ከጎኑ የጆሮ ኩክ ማውጫ። እርሻ ላይ እሾህ የወጋው ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል። እሱ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና እግሩን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እፍ ብሎ፣ ነቅሎ ያሳያል። የኛ ሰው መሣሪያውን ሰውነቱ ላይ ይዞ መዞርን ከማንም አልተማረም። ችግሩ ከቤት ርቆ እንደሚያገኘው ያውቅ ነበር። በመካከል እኛ መጣንና ሁሉን ነገር በሳጥንና በመሳቢያ ቆለፍነው። ይህች ቀይ ሰንጢ ለእኔ ከባዕድ አገር የመጣች ዕቃ አይደለችም፤ የአያቴ አንገት ላይ የነበረው ነገር ዞሮ ኪሴ ገብቶ ነው።

ደግሞ አሠራሯ! ገበያው ዳር የሚሠራ አንድ ሽማግሌ ቱምቱ አለ፤ በኦሮምኛ ቀጥቃጭ ማለት ነው። ከመኪና ባሌስትራ ቢላዋና ማጭድ የሚያወጣ እጀ ወርቅ ሰው ነው። ወሰድኩለት። ስለቱን አላየም። ጆሮው ላይ አስጠግቶ ከፈተ፣ ዘጋ፤ ከፈተ፣ ዘጋ። ቋ፣ ቋ። ከዚያ ከፊት መቀሱን፣ ከኋላ ቆልማማውን አንድ ላይ አውጥቶ በመካከል ያለውን ቀጭን ብረት በጥፍሩ ነካ። «ሞላው አንድ ነው» አለኝ፤ «የፊቱንም የኋላውንም አንዱ ሞላ ነው የተሸከመው። ይህን ያሰበ ሰው ይባረክ።»

ያሰበው ሰው ካርል ኤልሰነር ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ኢባክ በምትባል የስዊዘርላንድ መንደር የቢላዋ መሥሪያ ከፈተ። የአገሩ ጦር ወታደሩ የራሽኑን ቆርቆሮ የሚከፍትበትና ጠመንጃውን የሚፈታበት አንድ ሰንጢ ፈለገ፤ የመጀመሪያው ርክክብ ግን ከጀርመን ዞሊንገን ከተማ ነበር የመጣው። ኤልሰነር እልህ ያዘው። እ.ኤ.አ. በ1891 ሰንጢውን ለጦሩ ማቅረብ ጀመረ፤ የጀርመኖቹ ዋጋ ርካሽ ነውና ሊከስር አፋፍ ላይ ደረሰ። አልተወም። ሞላውን ሲያብሰለስል ቆይቶ በሁለት ሞላ ብቻ ስድስት መሣሪያ የሚሸከም ቀለል ያለ ሰንጢ ሠራና እ.ኤ.አ. ሰኔ 12 ቀን 1897 አስመዘገበ። ከዓድዋ ድል ዓመት በኋላ ማለት ነው፤ እዚህ ነቀምቴ ኩምሳ ሞሮዳ በሚገዙበት ዘመን። እናቱ ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1909 ስታርፍ ስሟን ለፋብሪካው ሰጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1921 የማይዝግ ብረት ሲመጣ «ኢኖክስ» የሚለው ተቀጠለበትና ቪክቶሪኖክስ ሆነ። የኛ ቱምቱ ይህን ታሪክ አያውቅም፤ ሞላውን ሰምቶ ግን ዋናው ነገር የት እንዳለ በአምስት ደቂቃ አገኘው።

በዚያው ቀን ተለማማጁ የራሱን አወጣ፤ ቀይ ናት፣ መስቀልም አለባት፣ ከሩቅ መንታዋ ናት። ኮፒ ናት። ከፈትናት፤ ቋ አትልም፣ ዝም ብላ ትዘረጋለች። ስለቷ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ካቻቢቴዋ አንድ ጠንካራ ብሎን ላይ ተጣምሞ ቀርቷል። ስለዚህ ስትገዙ ጆሯችሁን ተጠቀሙ። ትልቁን ስለት ክፈቱና ሥሩ ላይ ቪክቶሪኖክስ የሚለውን ጽሑፍ እዩ፤ ለብርሃን አቅንታችሁ በብረቶቹ መካከል ክፍተት ፈልጉ። እውነተኛዋ ውድ ናት፣ አልዋሽም። ግን ተጣሞ የሚቀር ካቻቢቴ በነፃም ውድ ነው።

አሁን በሚዛን ላይ ላስቀምጣት፤ ስለምወዳት ጉድለቷን አልሸሽግም። ስለቷ ሲከፈት አይቆለፍም፤ በጫፉ ገፍታችሁ ብትወጉበት ታጥፎ ጣት ላይ ይመጣል። ጣቴ ላይ ያለው ጠባሳ ምስክር ነው። ለመቁረጥ እንጂ ለመውጋት እንዳትጠቀሙበት። ካቻቢቴዋ አጭር ነው፣ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ያለ ብሎን አይደርስም። ፒንሳ የላትም። የፒንሳው ነገር አንድ አሜሪካዊንም አንገብግቦታል፤ ቲም ሌዘርማን እ.ኤ.አ. በ1975 ከሚስቱ ጋር አውሮፓን ሲዞር የያዘው መኪና አሮጌ ፊያት 600 ነበር፣ ያቺው አዲስ አበባ ታክሲ ሆና የሠራችው ትንሿ ፊያት። መኪናዋ ስትበላሽ፣ የየሆቴሉ ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፣ ኪሱ ያለው ሰንጢ ፒንሳ አጣ። አገሩ ተመልሶ ዓመታት ሠራበት፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ተከፍቶ ፒንሳ የሚሆነውን መሣሪያ ገበያ አወጣ። ሌዘርማን የምንለው እሱ ነው። መካኒክና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ከሆናችሁ እሱን ግዙ፤ ከበድ ይላል፣ ወገብ ላይ ይታጠቁታል። ለቀረነው ሰዎች ግን ክብደቷን ረስተን ሁልጊዜ የምንይዛት ትበልጣለች።

ብዙ ሰው «ካቻቢቴ ከፈለግኩ ካቻቢቴ አልገዛም?» ይለኛል። ወንድሜ፣ ግዛ! ቤትህ ያለው ካቻቢቴ ከእሷ ይሻላል፣ መጋዝህም፣ መቀስህም። ግን ነቀምቴ ያለው ካቻቢቴህ ዲዴሳ ዳገት ላይ የለም። ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ምዕራብ ነው ያለነው፤ ከነቀምቴ ወዲያ ጊምቢ አለ፣ ደምቢዶሎ አለ፤ በከተማና በከተማ መካከል ያለው ጊዜያችን ረጅም ነው። ዕቃ የሚበላሸው ደግሞ በመካከል ነው። የጫማ ማሰሪያ፣ የቦርሳ ዚፕ፣ የሶላር ሽቦ፣ የመነጽር ብሎን፣ ሁሉም ሱቅ የሌለበትን ቦታ መርጦ ነው የሚበጠሰው። እሷ ሁልጊዜ ሁለተኛ ደረጃ መሣሪያ ናት፤ ግን ያለችው እሷ ናት!

ፍተሻ ላይ ሳትጠየቁ ቀድማችሁ አውጡና አሳዩ። እኔ አንድ ቦታ ሳወጣ ፈታሹ ስለቱን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። መቀሱን ከፍቼ አሳየሁት። ዝም ብሎ አየው፤ ከዚያ ከእጅጌው ላይ የተንጠለጠለ ክር ቀነጠበበት፣ ዘጋው፣ በቀስታ መለሰልኝ። አውሮፕላን ላይ ደግሞ በእጅ ሻንጣ አትገባም፤ ከሚጫነው ጋር አድርጓት።

ስትደንዝም መሞረጃ ፍለጋ አትሂዱ። የቡና ሲኒ ገልብጡ። ሥሩ ላይ ያልተቀባ ሻካራ ቀለበት አለ፤ ስለቱን ጋደም አድርጋችሁ በዚያ ላይ በቀስታ ሳቡት፣ አንዴ በዚህ ጎን አንዴ በዚያ ጎን። ሦስተኛው ቡና እስኪፈላ ድረስ ወረቀት የሚሰነጥቅ ይሆናል። ለሲኒ የሚሆን ሥራ በቡና አገር!

ሰፈር ውስጥ ዝናዋ ወጥቷል። የጎረቤት ልጆች ይላኩብኛል፤ ሁሉም ግን በየራሳቸው ስም ነው የሚጠሯት። ከላይ ያሉት እትዬ «መቀሷን» ብለው ያስልካሉ፣ ቡና ነጋዴው «ወስፌዋን»፣ ከማዶ ያለው ተማሪ ሶኬት ሲላላበት «ካቻቢቴዋን»። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ሳለ በሩ ተንኳኳ። አንዲት ትንሽ ልጅ ወንድሟን አዝላ ቆማለች፤ ልጁ እያለቀሰ አንድ እግሩን ዘርግቷል።

«ጋሼ፣ እማዬ ወረንጦዋን ስጠን ብላለች።»

ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና እግሩን ጭኔ ላይ አደረግኩት።